የጎደለችው 15 ሳንቲም

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ክራር ጀመረች። 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ባለው የሙዚቃ ክበብ አምስት ክራር፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ከበሮ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «አባዬ፣ ቱነር ግዛልኝ። ሌሎቹ አላቸው። የኔን መምህሩ መጥቶ እስኪቃኝልኝ ሰዓቱ ያልቃል» አለችኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ሃያዎቹን ያላገባደደ ወጣት ነው። ቱነር ስለው የመስታወት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ደረደረልኝ።

«ለጊታር ነው?»

«ለክራር።»

«ያው ነው» አለ።

የርካሹ ዋጋ ከአንድ ዶሮ ያነሰ፣ የውዱ ደግሞ ከሁለት ዶሮ ትንሽ ያለፈ ነበር። (በብር ያልጻፍኩት እናንተ ጋ እስኪደርስ ስለሚቀየር ነው።) አንዱን አንስቼ ሌላውን ሳስቀምጥ፣ አብርቼ ሳጠፋ፣ ልጁ ሰለቸውና ስልኩን ማየት ጀመረ። እንደ ገንዘብ ችግረኛ ሳይቆጥረኝ አይቀርም። ያቆመኝ ግን ዋጋው አልነበረም፤ «ያው ነው» ያላት ነገር ነች። ከዚህ እቃ ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ አለኝ።

ክራር የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ 26 ዓመቴ ላይ፣ ጉለሌ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ ሽማግሌ ዘንድ። ስማቸውን አልጽፍም። ጋሼ እንላቸው ነበርና እዚህም ጋሼ ይሁኑ። በወጣትነታቸው ሠርግ ቤትና ጠጅ ቤት ተጫውተዋል። እኔ ስደርስባቸው ከቤታቸው ደጃፍ በርጩማ አውጥተው ለሦስት ለአራት ሰው የሚያስተምሩ፣ ፊደል ብዙም ያልቆጠሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ኖታ የለም፣ ሰሌዳ የለም። የትምህርቱ ቃል አንድ ነው፤ «ስማ»።

ሲቃኙ አይቸኩሉም። ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ክር በአውራ ጣታቸው ገፋ ያደርጉና አፋቸውን ከፈት አድርገው ያዳምጣሉ። ትንሽ ያላሉታል። ደግሞ ይመልሱታል። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ እጠብቃለሁ። ያንን ጥበቃ ከትምህርቱ አልቆጥረውም ነበር፤ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ይመስለኝ ነበር።

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ አንድ ቱነር ይዞልኝ መጣ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ፣ መሣሪያው ላይ የሚነክስ ዓይነት። ድምፁን የሚያነበው ከእንጨቱ ንዝረት ስለሆነ የአካባቢ ጫጫታ አይረብሸውም። ጎረቤት ሬዲዮ ይክፈት፣ ልጆች ይጩሁ፣ እሱ የሚሰማው እንጨቱን ብቻ ነው። ወደ ጋሼ ዘንድ ይዤው ስሄድ ልጅ ሆኜ አዲስ ጫማ ያደረግኩ ቀን የተሰማኝ ስሜት ነበር የተሰማኝ።

ቀንበሩ ላይ ቆነጠጥኩት። መነሻዋን ድምፅ አረንጓዴ እስክትሆን አስተካከልን፤ ጋሼ ለእሷ ግድ አልነበራቸውም። ሌሎቹን ከእሷ ተነስተው እንደ ልማዳቸው ለትዝታ ቃኙ። እያንዳንዷን ሲመቱ እኔ መስታወቷን አያለሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሦስተኛዋ ወርዳለች።»

«ወርዳለች?»

«አዎ። ይኸው ይዩት። 15 ትወርዳለች ይላል።»

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። አጎንብሰው አዩ። ቀይ ናት። ክሯን ሳብ አደረጉ፤ ብርቱካናማ ሆነች። ትንሽ ጨመሩ፤ አረንጓዴ።

«አሁንስ?»

«አሁን ልክ ነው።»

«እሺ» አሉ።

እኛ አገር «እሺ» ስንት ነገር እንደሆነች ታውቃላችሁ። መስማማት ናት፣ መታዘዝ ናት፣ «ተወኝ» ማለትም ናት። እኔ የመጀመሪያዋን ሰማሁ።

በቀጣዩ ትምህርት ስደርስ ክራሩን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት። «እንካ፣ ያንተ እቃ ያውቃል። ቃኝልኝ።» ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል እኔ ነበርኩ የምቃኝላቸው። እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም። አስተማሪውን የሚያርም ተማሪ! ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁት።

አንድ ቀን ታክሲው ቀናኝና ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ክራር ይሰማል። ትዝታ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ከእሳቸው ያልሰማሁት ትዝታ። ሦስተኛዋ ድምፅ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፤ በመጣች ቁጥር ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ትከሻውን ዘና የሚያደርግ ይመስላል። ቆሜ ሰማሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላስታውስም። ከዚያ አንኳኳሁ።

ክራሩ ዝም አለ። እስኪከፈትልኝ ከወትሮው ትንሽ ቆየ። ጋሼ ሲከፍቱልኝ ክራሩ እጃቸው ላይ ነበር፤ ስድስቱንም ክሮች አላልተዋቸዋል።

«እንካ ቃኝልኝ» አሉኝ።

ቃኘሁላቸው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፤ ስድስት ጊዜ። ምንም አላልኩም። ምን ይባላል? አንድ ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው የገዛ ክራራቸውን ከእኔ ደብቀው ይጫወቱ ነበር።

*

አረንጓዴዋ መብራት ምን እያለች ነው? ይህን ሳልጠይቅ ነው ሁለት ወር ሙሉ የታዘዝኳት።

ቱነር የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጥርና ውስጡ ካለ ዝርዝር ጋር ያስተያያል። ዝርዝሩ አንድ መነሻ አለው፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው «ላ»። ይህ 440 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 በሕግ 435 ብላ ደንግጋ ነበር። 440 የሆነው በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው፤ በ1955 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ተቀበለው። ሰዎች ተቀምጠው የተስማሙበት ነገር ነው፤ መኪና በቀኝ ይነዳ እንደሚባለው። እኛም እስከ 1964 ድረስ በግራ ነበር የምንነዳው፤ በግራ የነዱ አባቶቻችን ግን ጥፋተኞች አልነበሩም።

ከመነሻው ተነስቶ ዝርዝሩ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። አንዱ ክፍል ግማሽ ድምፅ ይባላል። ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት አለው። ሴንት መቶኛ ማለት ስለሆነ ሳንቲም ብንለው የሚከለክለን የለም፤ ግማሽ ድምፁ አንድ ብር፣ ሴንቱ አንድ ሳንቲም። እንግዲህ ጋሼን 15 ሳንቲም ጎድሎብዎታል ብዬ ነው የያዝኳቸው።

ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ክሮች በ5 ለ4 ንጽጽር ሲርገበገቡ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ይዋሃዳል። ይህ ርቀት በሴንት ሲለካ 386 አካባቢ ነው። ቱነሩ ግን ለዚያው ቦታ 400 ይጠይቃል፤ 14 ሳንቲም ጨምሮ። ምክንያቱም ፒያኖ ከየትኛውም ቁልፍ ተነስቶ መጫወት እንዲችል እያንዳንዱ ድምፅ ከንጹሑ ቦታው ትንሽ ትንሽ መነሣት አለበት። አንዱ ላይ ብዙ ከሚጠፋ ሁሉም ላይ በእኩል ይጥፋ የተባለበት ስምምነት ነው። ለፒያኖ ብልህ መፍትሔ ነው። ክራር ግን ይህ ችግር የለበትም። ስድስት ክር ነው ያለው፤ ለአንድ ቅኝት ይቃኛል፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲኬድ እንደገና ይቃኛል። እኔ የፒያኖን ዕዳ ነው ክራርን ያስከፈልኩት።

ሴንትን የፈጠረው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ ነው። በ1885 ባወጣው ጥናት የተለያዩ ሕዝቦችን የድምፅ መሰላሎች ለካ። የደረሰበትም ነገር፣ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ ሁሉ የሰጠችው አንድ መሰላል የለም የሚል ነው፤ ብዙ ናቸው፣ ሰው ሠራሽም ናቸው። ሰውየው መለኪያውን የሠራው ልዩነትን ለማየት ነበር፤ እኛ ልዩነትን ለማረም ተጠቀምንበት። ደግሞ ደስ የሚለኝ ነገር፣ የኤሊስ የራሱ ጆሮ ለድምፅ ደካማ ነበር። ሂፕኪንስ የሚባል የፒያኖ ባለሙያ ነበር ጆሮውን የሚያውሰው።

የኤሊስን ደካማ ጆሮ ያነሳሁት በምክንያት ነው። እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «በቃ፣ ማሽኑ ጥፋተኛ ነው፣ ድሮ ደግ ነበር» የምል ሊመስለው ይችላል። አልልም። ከእኔ ጋር ጋሼ ዘንድ ይማር የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ዘንድ ሲማር «ጆሮህ ድንጋይ ነው» ተብሎ ሰው ፊት ተስቆበት የወጣ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለእሱ እውነቱን በቁሙ ባዳ ነበር። አንድ ክር ከሌላው ከፍ ማለቱን እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ያን ቱነር ስሰጠው ቤቱ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳይጠራ ክራሩን ቃኘ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ባቲ ተጫወተልኝ፤ ክፉኛ ነበር የሚጫወተው፤ የተቃኘ ክራር ላይ ግን ነበር። መቃኘት የማይችል ሰው የሚቃኝለትን ሰው ይለምናል። ያኛው ሲቆጣ፣ ሲታመም ወይም ሲንቀው ክራሩ ዲዳ ሆኖ ያድራል። ለዚያ ልጅ አረንጓዴዋ መብራት ነፃነት ነበረች፤ ለጋሼ ደግሞ ዘበኛ። እቃው አንድ ነው።

ስምምነቱንም አልጠላውም። በ1924 አርባ ልጆች የምንላቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ መጥተው፣ በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ የሆነውን አስቡት። ነሐስ ድምፁ ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ የሚመጣ ነው፤ ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ እንደ ክር አይላላም። አብሮት መጫወት የፈለገ ወደ እሱ መሄድ አለበት። ከዚያ ወዲህ ሳክስፎንና ክራር አንድ መድረክ ላይ የቆሙበት ሙዚቃ ሁሉ አንዱ ወደ ሌላው በመሄዱ የመጣ ነው። ያንን ሙዚቃ እወደዋለሁ። የልጄ ክበብ ውስጥ ያለው ኪቦርድም 14 ሳንቲሟን አይተዋትም፤ አብራው መጫወት ከፈለገች እሷ ናት የምትከፍለው። አብሮ ለመሆን መክፈል ደግሞ ነውር የለበትም። ነውሩ ብቻዬን በቤቴ ስጫወትም ክፈል የተባልኩ እንደሆነ ነው።

*

አንድ ጥያቄ ግን አላስተኛኝም ነበር። ጋሼም ሰው ናቸው። ክረምት ሲመጣ ቆዳው ይላላል፣ ክር ይንሸራተታል፣ ዕድሜ ጆሮን ይበላል። ከዝርዝሩ የወጣ ድምፅ ሁሉ ጥበብ ነው ማለት ሌላ ዓይነት ስንፍና ነው፤ የሽማግሌን ስህተት «ባህል» ብሎ ማክበር ሽማግሌውን አለመስማት ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት መዝና ስታበቃ አንድ ፍሬ ጣል ታደርጋለች። ሚዛኑ አልተሳሳተም፣ እሷም አልተሳሳተችም። ግን ሚዛኑ በእርግጥ የተበላሸባት ሴትም አለች። በምን ይለያሉ?

ጋሼ ያረፉት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከለቅሶው በኋላ አሮጌ ስልኬን ፈልጌ ሚሞሪ ካርዱን አወጣሁ። ቱነሩ ከመምጣቱ በፊት የቀዳኋቸው ዘጠኝ ትምህርቶች ነበሩ። ነፃ የሆነ የቱነር መተግበሪያ ጫንኩና ኮምፒውተሩ ሲያጫውት ስልኩ እንዲያዳምጥ አደረግኩ። ወረቀት ይዤ የመነሻዋን ንባብ ከሦስተኛዋ ንባብ እየቀነስኩ ጻፍኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

መነሻዋ በየቀኑ ትለያያለች፤ አንድ ቀን ከፍ፣ ሌላ ቀን በጣም ዝቅ። ሦስተኛዋ ግን ከመነሻዋ ያላት ርቀት 385፣ 383፣ 386፣ 385፣ 387 እያለ ይሄዳል። ዘጠኙም ቀን ከአራት ሳንቲም በላይ አልተንቀሳቀሰችም። የተንሸራተተ ክር እንዲህ አያደርግም። የደከመ ጆሮ እንዲህ አያደርግም። ሰውየው ያንን ቦታ ያውቁት ነበር፤ በጨለማ የቤቱን በር እንደሚያውቅ ሰው እየሄዱ ይመለሱበት ነበር። እኔ ያዋረድኳቸው በቱነር ነው፤ የመሰከረላቸውም ቱነር ነው።

ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። 386! 5 ለ4! ጋሼ ከፒያኖው ይልቅ ለተፈጥሮ የቀረቡ ሆነው ተገኙ። ለሰው ሁሉ ላወራ ተነሳሁ። ሚስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። «ስለዚህ ፊዚክስ ፈቀደላቸው ማለት ነው?» አለችኝ በእንቅልፍ ድምፅ። ተመልሳም ተኛች።

የተናገረችው ነገር ጠዋት ነው የገባኝ። ከዘጠኙ ቅጂዎች አራቱ ላይ አንቺሆዬ ነበር። እዚያ ሁለተኛዋን ድምፅ ለካኋት። ቱነሩ 100 ይላል። ንጹሕ ከሚባሉት ንጽጽሮች ቅርብ የሆነው 16 ለ15 ደግሞ 112 ይላል። የጋሼ 130፣ 131፣ 129፣ 131። ያው አስገራሚ ጽናት፤ ግን ፒያኖውም ጋ የለም፣ ፊዚክሱም ጋ የለም። በ5 ለ4 ልከራከርላቸው የተነሳሁት ጠበቃ እዚህ ላይ ፋይሌን ዘጋሁ።

እንደገና አፈርኩ። ምክንያቱም ያደረግኩት ነገር የመጀመሪያውን ዳኛ አውርጄ ሌላ ዳኛ መሾም ነበር። አረንጓዴዋ መብራት ስትነቅፋቸው ያመንኳት እኔ፣ የንጽጽር ሒሳብ ሲያመሰግናቸው ደግሞ እሱን አመንኩ። እሳቸው «እዚህ ነው» ማለታቸው በራሱ አንድም ጊዜ አልበቃኝም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው አዳምጠው ያስቀመጧት ድምፅ የሌላ ሰው ማኅተም ያስፈልጋታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ለምን? ለአንድ የፒያኖ ተጫዋች ቢሆን ይህን አደርግ ነበር?

ደጋግሜ ሳስበው ጥፋቴ መለካቴ አልነበረም። «15 ዝቅ ትላለች ይላል፤ ሆን ብለው ነው ወይ?» ብላቸው ያችው 15 ጥያቄ ትሆን ነበር፤ መልሳቸውም ምናልባት ከክራሩ በላይ ያስተምረኝ ነበር። እኔ ግን «ወርዳለች» አልኩ። ቋንቋችን እኮ «ቃኘ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ ክርን ማስማማትና ዞር ዞር ብሎ ማየት። ቃኚ ሆኖ የተላከ ሰው አይቶ ይመለሳል፤ የደረሰበትን አገር ሰዎች ስማችሁን ለውጡ አይልም።

እሳቸውስ ለምን ታዘዙ? ይህን ነው እስከ ዛሬ የማመነዥከው። 50 ዓመት ክራር የያዙ ሰው አንድ የ26 ዓመት ልጅ በመቆንጠጫ ሲያርማቸው «ሂድ ወዲያ» ቢሉኝ ያምርባቸው ነበር። አላሉም። የቀይ መብራቷ ኃይል ከ440 የመጣ አልነበረም። እኔ የተማርኩ ነኝ፤ እቃው ከአሜሪካ መጥቷል፤ ቁጥር ይናገራል። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ቁጥር ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ሲከራከሩ ረትተው አያውቁም፤ መሬት ሲለካ፣ የቤት ኪራይ ሲሰላ፣ ሐኪም ቤት ወረቀት ሲሰጣቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ተምሯል። «እሺ» ይልና ሰው ሲሄድ ክሩን ወደ ቦታው ይመልሳል። በር ሲንኳኳ ደግሞ ያላላዋል።

ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ከሰማሁ በኋላ ሰባት ወር ያህል ተምሬያለሁ። ቱነሩን ይዤ መሄድ ተውኩ፤ «ባትሪው አልቋል» አልኳቸው። «እንዴ፣ ታዲያ በምን ልንቃኝ ነው?» አሉኝ፤ እየቀለዱ ይሁን አይሁን ፊታቸው አይናገርም። እንደ ድሮው ቃኙ። ሦስተኛዋ ግን አረንጓዴው ቦታ ላይ ነበረች፤ አሁን ጆሮዬ ይለያታል። እኔ ባለሁበት ከዚያ ቦታ አንድም ቀን አልወረደችም። ባትሪው በማለቁ አላመኑኝም፤ ወይ እኔን ማስደሰት ለምደዋል። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር፤ «በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ» ማለት የደበቁትን እንዳየሁ መናገር ነው፤ ያንን ማፈር ደግሞ አልፈልግባቸውም ነበር። ወይም ይህን ያልኩት ለራሴ እንዲመቸኝ ይሆናል።

*

ወደ ሱቁ ልመለስ፤ ልጁ ስልኩን ጨርሶ ያየኛል።

ርካሹ ለጊታር ብቻ የተሠራ ነው። የሚያውቀው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲን፣ በሌላ አነጋገር የጊታርን ክፍት ክሮች ነው። ሌላ ድምፅ ሲሰማ ለአንዱ ይቆጥረውና ያንተ ሬ በጣም ወርዷል ይላል፤ ሬ ነኝ ያላለውን። ለክራር ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይሆንም።

ሁለተኛው 12ቱንም ያውቃል፤ ክሮማቲክ የሚሉት። ሲያዩት የሚያምር፣ ደማቅ። የሚናገረው ግን ሁለት ቃል ነው፤ ቀይና አረንጓዴ። ምን ያህል እንደወረድክ አይነግርህም፤ ጥፋተኛ መሆንህን ብቻ። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ይህን ነው አለኝ ሻጩ፤ «ለልጅ ይቀላል።» ይቀላል፣ እሱስ። የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መልኩ ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙም ያን ያህል አይደለም። ግን መርፌ አለው፣ ከመርፌው ሥር ደግሞ ቁጥር። ስንት ሳንቲም ከፍ፣ ስንት ሳንቲም ዝቅ። 440ን ራሱን ከ430 እስከ 450 ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ የክራሩ መነሻ ሌላ ቦታ ቢሆን እሱ ወደ ክራሩ ጥቂት መምጣት ይችላል ማለት ነው። መቆንጠጫው ቀንበር ለመያዝ በቂ ይከፈታል፤ ይህን ሱቁ ውስጥ ከተሰቀለ ክራር ላይ ሞክሬ ነው ያረጋገጥኩት፤ እናንተም ሞክሩ፣ ለቀጭን የጊታር አንገት የተሠሩ አሉና። ሳጥኑ ላይ አንድ ሳንቲም እንኳ አያመልጠኝም ይላል፤ ለሰው ጆሮ ከበቂ በላይ ነው፣ ለእሱ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። ባትሪው ያችው ክብ 2032 ናት፤ አንድ ትርፍ አስጨመርኩ።

ከሁለት ዶሮ በላይ ከፈልኩ። «ለክራር ብለው ነው ይህን?» አለኝ ሻጩ ሲጠቀልለው።

ቤት ስደርስ ልጄ ነጠቀችኝ። ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ስድስቱም አረንጓዴ ሆኑና ለክበቡ የሚያጠኑትን ተጫወተች። ከዚያ የጋሼን ቅጂ ከፈትኩላት። ማን እንደሆኑ ነገርኳት፤ የነገርኳችሁን ሁሉ አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ ሰማችው። ሦስተኛዋን ክር በአውራ ጣቷ ገፋች፤ መርፌዋ ከመሀል ወጣች፣ መብራቷ ቀላች። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ተበላሸ?»

«ምን ይላል ቁጥሩ?»

«ሲቀነስ 15።»

«እሳቸውም ሲቀነስ 15 ነው የሚሉት።»

ነጭ ፕላስተር ቆርጣ ከክራሩ ምሰሶዎች አንዱ ላይ ለጠፈች። በእስክሪብቶ «ሐሙስ 0» ብላ ጻፈች። ሌላኛው ምሰሶ ላይ ደግሞ «ቤት −15»። መምህሯ ምን ይል ይሆን ብዬ ነበር፤ አላየውም፣ ወይ አይቶ ዝም ብሎታል።

ይህን የምጽፈው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ትናንት ሳሎን ሳጸዳ ክራሩን አነሳሁት። «ቤት −15» የሚለው ላይ 15ቷ ተሰርዛለች። ከጎኗ፣ ጠበብ ባለ ቦታ፣ 11 ተብሎ ተጽፏል። ቱነሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ቀንበሩ ላይ ልቆነጥጠው ምንም አልቀረኝም። መልሼ አስቀመጥኩት። ማታ ስትጫወት ከኩሽና ሆኜ እሰማታለሁ።